ኤልሳቤጥ የሚባለው የሴት ስም በአውሮፓ አሕዛብ ዘንድ

የሰው ልጅ ወደዚህ ዓለም በመጣ ጊዜ ከእናት ከአባቱ የሚቀበለው የመጀመሪያው ርስት ስሙ ነው። መሬት ይሸጣል፥ ከብት ያልቃል፥ ገንዘብም ይባክናል፤ ስም ግን ከባለቤቱ ጋራ ኖሮ ከመቃብር በላይ ይቀራል። ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ከሴቶች ስም አንዱን፥ ይኸውም ኤልሳቤጥ የሚባለውን መርጠን፥ በአውሮፓ አሕዛብ አንደበት እንዴት እየተለዋወጠ እንደሚጠራ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልናስረዳ አሰብን። ይህንንም ያሰብነው ለጨዋታ ያህል ብቻ አይደለም። በስም አጻጻፍ ቸል በማለታችን አንድ ጊዜ በሰው ላይ ያደረስነው ጉዳት ስላለ፥ እርሱንም በመጨረሻው ሳንደብቅ እንናገራለን።

የስሙ ምንጭ ዕብራይስጥ ነው። በዚያ ቋንቋ ኤሊሼባ ይባላል። ኤል ማለት አምላክ ነው፤ ሼባ የሚለውም መሐላ ከሚለው ቃል ጋራ አንድ ዘር ስለ ሆነ፥ ብዙዎች ሊቃውንት ስሙን «አምላኬ መሐላዬ ነው» ብለው ይተረጕሙታል። በኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 6 እንደ ተጻፈው የካህኑ የአሮን ሚስት በዚህ ስም ትጠራ ነበር። በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 1 ደግሞ የካህኑ የዘካርያስ ሚስት፥ የመጥምቁ የዮሐንስ እናት፥ ከአሮን ወገን የተወለደችው ኤልሳቤጥ ትገኛለች።

ስለ ስም በሚነገርበት ጊዜ ይህችን እናት ሳያነሡ ማለፍ አይገባም። ልጇ በተወለደ በስምንተኛው ቀን ዘመዶችና ጎረቤቶች ተሰብስበው በአባቱ ስም ሊጠሩት በወደዱ ጊዜ፥ ዮሐንስ መባል አለበት ብላ ብቻዋን የተከራከረቻቸው እርሷ ናት። ከዘመዶቿ በዚህ ስም የሚጠራ የለም ቢሏትም ከቃሏ አልተመለሰችም። አባቱም አንደበቱ ተይዞ ስለ ነበረ የሚጽፍበትን ሰሌዳ ለምኖ የእናቲቱን ቃል በጽሑፍ አጸናላት። እንግዲህ እናት ተናገረች፥ አባት ጻፈ፥ የልጁም ስም ጸና። ስለ ልጇ ስም እንዲህ የተከራከረችው እናት የራሷ ስም በዓለም ላይ እንዴት እንደ ተለዋወጠ ደግሞ እንመልከት።

ስሙ ከዕብራይስጥ ወደ ጽርዕ በተመለሰ ጊዜ በመጨረሻው የነበረው የጕሮሮ ድምፅ ወድቆ ኤሊሳቤት ተባለ። ከዚያም በኋላ ወንጌል በሄደበት መንገድ ሁሉ ስሙም አብሮ ሄደ። መጻሕፍትን ወደ ግእዝ የመለሱት አባቶቻችን፥ ጴጥሮስንና ጢሞቴዎስን እንደ ጻፉ ሁሉ፥ የጽርዑን ታው በጠይት ስለሚጽፉ ኤልሳቤጥ አሉ። የምዕራብ አሕዛብ ስሙን ከሮማውያን በላቲን ቋንቋ ስለ ተቀበሉ የ«በ»ን ድምፅ እንዳለ ጠበቁት። የሩስያ ሰዎች ግን ክርስትናን የተቀበሉት ከቍስጥንጥንያ ነው፤ በዚያም ዘመን ጽርዓውያን ያንን ፊደል «ቨ» ብለው ያነቡት ስለ ነበረ፥ ሩስያውያን እስከ ዛሬ የሊዛቬታ ይላሉ። ስለዚህ አስተዋይ ሰው ስሙ በ«በ» ወይም በ«ቨ» ሲነገር ሰምቶ፥ ወደ ተናጋሪው አገር ከሮም ይሁን ከቍስጥንጥንያ በየትኛው መንገድ እንደ ገባ ብዙውን ጊዜ ሊገምት ይችላል።

ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ሕዝብ በገዛ ምላሱ አሽሞነሞነው። እንግሊዞች፥ ፈረንሳዮችና ጀርመኖች አነጋገራቸው ጥቂት ቢለያይም ሁሉም ኤሊዛቤት ይላሉ። ጣልያኖች ኤሊዛቤታ፥ ፖሎኞች ኤልዥቢዬታ፥ ቼኮች አልዥብዬታ፥ ሀንጋሮች ኤርዤቤት፥ ስኮትላንዶች ኤልስፔት ይሉታል። በየቤቱም እናቶች ልጆቻቸውን ሲያቈላምጡ ስሙን ከፊቱ ወይም ከኋላው እየቈረጡ ሌላ ስም አስመሰሉት። እንግሊዞች ከዚህ ከአንዱ ስም ኤሊዛ፥ ሊዚ፥ ቤቲና ቤስ የሚሉትን ሁሉ አወጡ። ጀርመኖች ኤልዛ፥ ኢልዘ፥ ሊዝልና ቤቲና ይላሉ፤ ስዊድኖች ሊስቤት፥ ፊንላንዶች ሊሳ፥ ቼኮችም ኤሊሽካ ይላሉ። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ የሣላት፥ በፓሪስ ከተማ በሉቭር ቤተ መዘክር የምትታየው ባለ ፈገግታዋ ሴትም፥ የፍሎረንሱ ነጋዴ ሚስት ሊዛ ጌራርዲኒ እንደ ሆነች ሊቃውንቱ ይናገራሉ፤ ሊዛ ማለትም ኤሊዛቤታ ከሚለው የተቈረጠ ነው።

እንግሊዞችም ለልጆቻቸው የሚጠይቁት አንድ የቈየ እንቆቅልሽ አላቸው። በአራት ልዩ ልዩ ስም የሚጠሩ ሴቶች ልጆች የወፍ ጎጆ ሊፈልጉ አብረው ሄዱ። አምስት እንቍላል ያለበት ጎጆ አገኙና እያንዳንዳቸው አንድ አንድ አነሡ፤ በጎጆውም ውስጥ አራት ቀረ። ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል? ብለው ይጠይቃሉ። መልሱም አራቱ ስሞች ሁሉ የኤሊዛቤት ቍልምጫዎች ስለ ሆኑ፥ ወደ ጎጆው የሄደችው አንዲት ልጅ ብቻ ናት የሚል ነው። ይህ ነገር ለልጆች ሳቅ ነው፤ ለዳኛና ለጸሐፊ ግን ሳቅ እንዳልሆነ ወደ ፊት እናያለን።

ከመለዋወጡ ሁሉ እጅግ የሚያስደንቀው በእስፓንያና በፖርቱጋል የሆነው ነው። በደቡብ ፈረንሳይና በእስፓንያ ሰዎች አንደበት የስሙ መጨረሻ ወደ «ቤል» ዞረ፤ መጀመሪያውም ተቈረጠና ኢሳቤል ሆነ። ይህን የማያውቅ ሰው ኢሳቤል የሚለውን ሲሰማ የንጉሥ አክዓብ ሚስት የነበረችው ኤልዛቤል ትመስለዋለች፤ ስለዚህም ስሙን የሚጸየፍ አይጠፋም። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የአክዓብ ሚስት ስም ከሌላ ሥር የበቀለ ነው፤ የኢሳቤል ሥር ግን ያችው የመጥምቁ እናት ናት። የፖርቱጋል ሰዎች በወንጌላቸው የዘካርያስን ሚስት ኢሳቤል ብለው መጻፋቸው ለዚህ በቂ ምስክር ነው።

ለዚህም ነገር ከነገሥታት ታሪክ ማስረጃ እናምጣ፤ ዓመቶቹን የምንጽፈው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው። የፈረንሳይ ንጉሥ የዳግማዊ ሄንሪ ልጅ በ1545 ተወልዳ በአባቷ ቤት ኤሊዛቤት ትባል ነበር። በ1559 ለእስፓንያ ንጉሥ ለዳግማዊ ፊሊፕ ተዳረች። ወደ ባሏ አገር በገባች ጊዜ ሕዝቡ ኢሳቤል ብሎ ተቀበላት፤ በዚያም ስም ነግሣ በ1568 በሃያ ሦስት ዓመቷ ሞተች። ሴቲቱ አንዲት ናት፤ ስሙም አንድ ነው፤ የተለወጠው የሚጠራት አንደበት ብቻ ነው። እስከ ዛሬም እስፓንያውያን የእንግሊዝን ንግሥት ኤልሳቤጥን በታሪክ መጽሐፋቸው ኢሳቤል ብለው ስለሚጽፉ፥ ክሪስቶፎር ኮሎምቦስን በ1492 ከላከችው ከገዛ ንግሥታቸው ከኢሳቤል ጋራ በስም አንድ ትሆናለች።

ስሙ በትውልድና በምግባር እንዴት እንደሚወረስ ለማወቅ ደግሞ የሁለቱን ቅዱሳት ታሪክ መመልከት ይበቃል። የሀንጋርያ ንጉሥ የዳግማዊ እንድርያስ ልጅ ኤልሳቤጥ በ1207 ተወለደች። ገና ሕፃን ሳለች በጀርመን አገር ለቱሪንጊያው መስፍን ለሉድቪግ ታጭታ በባሏ ዘመዶች ቤት አደገች። ባሏ በ1227 ወደ ኢየሩሳሌም ለጦርነት ሲሄድ በመንገድ ታሞ ሞተ። እርሷም ክብሯን ትታ በማርቡርግ ከተማ የድኾች ሐኪም ቤት አቆመች፤ በሽተኞችንም በገዛ እጇ እያጠበችና እየመገበች ኖራ በ1231 በሃያ አራት ዓመቷ ዐረፈች። የሮማ ቤተ ክርስቲያን በ1235 ከቅዱሳን ቈጠረቻት። የዚህች ቅድስት እኅት ለአራጎን ንጉሥ ተድራ ነበርና፥ የልጅ ልጇ በ1271 በተወለደች ጊዜ የቅድስቲቱ ስም ወጣላት፤ ነገር ግን እንደ አገሩ አነጋገር ኢሳቤል ተባለች። ይህችም ልጅ የፖርቱጋል ንጉሥ የዲኒስ ሚስት ሆነች። ባሏና ልጇ በጠብ ተነሣሥተው ጦር ባሰለፉ ጊዜ በመካከላቸው ገብታ አስታረቀቻቸው፤ ለድኾችም እንደ አያቷ እኅት እናት ሆነች። በ1336 ዐረፈች፤ በ1625 እርሷም ከቅዱሳን ተቈጠረች። ለድኾች የተሸከመችው እንጀራ በልብሷ ውስጥ ጽጌረዳ ሆነ የሚለው ትረካ ለሁለቱም ይነገራል። ስማቸው ሁለት ቢመስልም አንድ እንደ ሆነ፥ ሥራቸውም እንዲሁ ሆነ።

የእንግሊዝ ንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ በ1533 በተወለደች ጊዜ የአባቷም እናት የእናቷም እናት በዚህ ስም ይጠሩ ነበር። ከ1558 እስከ 1603 ከነገሠች በኋላ ስሙ በእንግሊዝ አገር ከመኳንንት ቤት እስከ ገበሬ ጎጆ ሞላ። በሩስያም የታላቁ የጴጥሮስ ልጅ የሊዛቬታ በ1741 ነግሣ እስከ 1762 ገዛች። በዘመነ መንግሥቷ የሞት ፍርድ እንዳይፈጸም ማድረጓ በታሪኳ ይነገራል፤ በ1755 የሞስኮ ዩኒቨርሲቲ የቆመውም በእርሷ ዘመን ነው። በእኛ ዘመን ደግሞ ሰባ ዓመት ነግሠው በ2022 ያረፉት ግርማዊት ዳግማዊት ኤልሳቤጥ ይገኛሉ። እኒህ ንግሥት በሕፃንነታቸው ስማቸውን አስተካክለው መጥራት ስላልቻሉ ሊሊቤት ይሉ ነበር፤ ይህም ቍልምጫ በቤተ ዘመዳቸው ዘንድ እስከ እርጅናቸው ቀረ። ሆኖም በቤት ሊሊቤት ቢባሉም በዐዋጅና በማኅተም ላይ ስማቸው ሙሉ ሆኖ ይጻፍ ነበር። በ1965፥ ማለት በእኛ አቈጣጠር በ1957 ዓ.ም.፥ ወደ አገራችን መጥተው በታላቅ ክብር በተቀበልናቸው ጊዜም የጠራናቸው ከግእዙ ወንጌል ባገኘነው በኤልሳቤጥ ስም ነው።

አሁን ወደ ገዛ ቤታችን እንመለስ። በአገራችንም ኤልሳቤጥ ተብላ ክርስትና የተነሣችውን ልጅ በቤት ኤልሳ፥ በትምህርት ቤት ቤቲ ብሎ መጥራት የተለመደ ነው። ይህም የፍቅር ነገር ስለ ሆነ አንነቅፈውም። ነገር ግን በመግቢያችን ተናግረን ያቈየነውን ስሕተታችንን እዚህ ላይ እንግለጽ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት በጽኑ ታማ ሳለች ኑዛዜዋን እንድንጽፍላት አስጠራችን። በሽተኛዋም «ቤቴን ለኤልሳ ሰጥቻለሁ» አለች። እኛም ድካሟን አይተን ልናስጨንቃት ስላልፈለግን፥ ሙሉ ስሟ ማን ነው? የማን ልጅ ናት? ብለን ሳንጠይቅ እንደ ሰማን ጻፍነው። ሴቲቱ ከሞተች በኋላ የልጂቱ የእናት ልጆች የሆኑት ወንድሞቿ ተነሥተው፥ በክርስትናዋም በትምህርት ወረቀቷም ኤልሳቤጥ እንጂ ኤልሳ የምትባል እኅት የለችንም፤ ኤልሳ የምትባለው በዚህ ቤት ያደገችው የአክስታችን ልጅ ናት፤ እርሷም ቤቱን አልፈልግም ብላለች አሉ። በእውነትም በዚያ ቤት በዚህ ስም የምትጠራ ሌላ ልጅ ነበረች። እንግሊዞች ለጨዋታ የሚጠይቁት እንቆቅልሽ በእኛ ብዕር በአንዲት የሙት ልጅ ላይ እውነተኛ ክርክር ሆነ።

ነገሩ አንድ ዓመት ሙሉ ተጓተተ። በመጨረሻው የሟቿ የንስሓ አባትና ሁለት ሽማግሌዎች ጐረቤቶች ቀርበው፥ እናትዮዋ ልጇን ኤልሳ እያለች ትጠራት እንደ ነበረ በመሐላ መሰከሩ፤ እኛም ጥፋታችንን በችሎት ፊት አመንን፤ ቤቱም ለልጂቱ ተፈረደ። አምላኬ መሐላዬ ነው የሚባለው ስም በመሐላ ለባለቤቱ ተመለሰ ማለት ነው። ነገር ግን ልጂቱ ቤቷን ብታገኝም ወንድሞቿን አጣች። እስከ ዛሬ ድረስ በዓመት በዓል እንኳ በአንድ መሶብ አይቀርቡም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛ አንዲት ሴት ስሟን ስትነግረን፥ በክርስትናስ? በወረቀትስ? ብለን ሳንጠይቅ ብዕራችንን ከቀለም አናገባም።

ስለዚህ ለወላጆች የምናሳስበው ሁለት ነገር ነው። መጀመሪያ፥ ለልጃችሁ ከሩቅ አገር የመጣ ስም ስታወጡ፥ ምንጩንና ትርጓሜውን ጠይቁ። ኤልሳም፥ ሊዛም፥ ቤቲም፥ ኢሳቤልም በአውሮፓ የአንዲት እናት ልጆች መሆናቸውን የሚያውቅ ሰው፥ ባዕድ የመሰለውን ስም በገዛ ወንጌሉ ውስጥ ያገኘዋል። ሁለተኛ፥ በቤት ውስጥ እንደ ወደዳችሁ አቈላምጡ፤ በክርስትና መዝገብ፥ በትምህርት ቤት ወረቀት፥ በውልና በኑዛዜ ላይ ግን አንዱን ሙሉ ስም ብቻ አጽፉ። ቍልምጫውንም መጨመር ብትወዱ፥ «ኤልሳቤጥ፥ በቤት ስሟ ኤልሳ» ተብሎ አንድ ላይ ይጻፍ። ይህን ለመጻፍ የሚያስፈልገው አንድ ጠብታ ቀለም ነው፤ ባለመጻፉ የሚደርሰው ጉዳት ግን በዓመት ክርክር እንኳ እንደማይካስ በዓይናችን አይተናል። በዘካርያስ ቤት እናት እንደ ተናገረች፥ አባትም በሰሌዳ ላይ እንደ ጻፈ፥ እንዲሁ በየቤታችን እናት ትናገር፥ አባትም ይጻፍ፥ የልጁም ስም ይጽና።