እየተነሣ የሚወድቅ ኮምፒውተር

አቸፈር፣ ዱርቤቴ ከተማ ውስጥ፣ አስፋልቱ ዳር «የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ» የሚል ሰሌዳ ከሰቀሉት ክፍሎች ባንዱ ጠረጴዛ ላይ የሚገኘው ዴስክቶፕ ብዙ ጊዜ አሮጌ ነው፤ ውጭ አገር አንድ ቢሮ ሲያገለግል ቆይቶ፣ ጡረታ ሲወጣ አዲስ አበባ ተሸጦ፣ በባሕር ዳር በኩል አቸፈር የገባ። ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ የትምህርት ቤት ፈተና ሲጻፍበት ይውላል። አንድ ቀን ጠዋት ሲከፈት የአምራቹ ዓርማ ይታያል፤ የዊንዶው ምልክት ብቅ እንዳለ ስክሪኑ ድርግም ይልና እንደገና ከዓርማው ይጀምራል። ደጅ ባለጉዳይ ቆሟል። ጠጋኝ ይጠራል፤ ሳጥኑን ሳይከፍት ፍርዱን ይሰጣል፦ «ፎርማት ይደረግ!»

ፎርማት የሚያድንበት ጊዜ አለ። ነገር ግን የሚያድነው የዊንዶው ፋይል ሲበላሽ ብቻ ነው፤ ጥፋቱ የመብራት፣ የራም ወይም የባትሪ ከሆነ የዓመታት ሰነድ ጠፍቶ ኮምፒውተሩ በሳምንቱ እዚያው ይወድቃል። ስለዚህ መጀመሪያ መታየት ያለበት የት ላይ እንደሚወድቅ ነው።

ቁልፉ ሲጫን ቀድሞ የሚነሣው ፓወር ሰፕላዩ ነው። ከሶኬት የመጣውን 220 ቮልት ወደ 12፣ ወደ 5 እና ወደ 3.3 ቮልት ያወርድና ልክ መሆኑን ሲያረጋግጥ ለማዘርቦርዱ «ቀጥል» የሚል ምልክት ይሰጣል። ቀጥሎ ባዮስ የተባለው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም ራሙን፣ ስክሪኑንና ኪቦርዱን ፈትሾ፣ ሃርድ ዲስኩን ፈልጎ ሥራውን ለዊንዶው ያስረክባል። ፋኑ ጨርሶ ካልዞረ ነገሩ ብዙ ጊዜ ከፓወር ሰፕላዩ አያልፍም። ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ «ቢፕ ቢፕ» ካለ አብዛኛውን ጊዜ ራም ነው፤ ነቅሎ የወርቅማ ጥርሶቹን በእርሳስ ላጲስ ቀስ ብሎ አሽቶ መመለስ ብዙዎቹን አስነሥቷል። ዓርማው አልፎ ጥቁር ስክሪን ላይ «ሲስተም የለም» የሚል ጽሑፍ ከመጣ ዲስኩን ከመጠርጠር በፊት ተሰክቶ የተረሳ ፍላሽ እንዳለ ማየት ነው። አስቸጋሪው የዊንዶው ምልክት ከታየ በኋላ የሚወድቀው ነው፤ እዚህ ላይ ሁሉም ተጠርጣሪ ነው።

እኔ ከመብራቱ እጀምራለሁ። የጣናን ውኃ በዋሻ አሳልፎ ወደ በለስ የሚያወርደው፣ በግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀው ባለ 460 ሜጋዋቱ ጣና በለስ ከአቸፈር ሩቅ አይደለም። የማመንጫው ቅርብ መሆን ግን ሶኬቱ ላይ የሚደርሰውን ቮልቴጅ አያጸናውም። በገበያ ቀን ወፍጮ ሲነሣ አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ ይመለሳል፤ ትልቅ ሞተር ሲነሣ በሥራ ላይ ከሚስበው ከረንት አምስትና ስድስት እጥፍ ይስባልና። ፓወር ሰፕላይ መብራት ቢቋረጥበት ማዘርቦርዱን ይዞ እንዲቆይ የሚጠበቅበት 16 ወይም 17 ሚሊሰከንድ ነው፤ የእኛ 50 ሄርዝ መብራት አንድ ዙር የሚጨርሰው በ20 ሚሊሰከንድ ነው። ያረጀው ያቺንም አይችልም። ደግሞ ኮምፒውተር ሲነሣ ነው የዲስኩ ሞተር ከቆመበት ተነሥቶ ፍጥነት የሚይዘው፣ ፕሮሰሰሩም ሥራ የሚበዛበት፤ ደካማ ፓወር ሰፕላይ የሚጋለጠው ያኔ ነው። ሌላ ደህና ፓወር ሰፕላይ ተውሶ መሞከር ከሁሉ ይቀላል። ባትሪው የሞተ ዩፒኤስ ደግሞ ውድ ዲቫይደር ከመሆን አያልፍም።

ከአሜሪካ ለመጣ ሳጥን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከኋላው፣ ከገመዱ መሰኪያ አጠገብ፣ 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ያለው ከሆነ ሳይሰካ በፊት 230 ላይ መሆኑ ይረጋገጥ። 115 ላይ እያለ 220 ቮልት ከገባበት ጧ ብሎ ይጨሳል።

ሳጥኑ ከተከፈተ አይቀር ከፕሮሰሰሩ ጎን የተሰለፉት ካፓሲተሮች ይታዩ። አናታቸው ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ጉብ ያለ ወይም ቡናማ ነገር ያዠ ካለ ጥፋቱ ተገኘ። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2005 የተሸጡ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ጂኤክስ 270 እና 280 በዚሁ የታወቁ ነበሩ፤ ኩባንያው በ2005 ለጥገናና ለምትክ 300 ሚሊዮን ዶላር መድቧል። ችግሩ የዴል ብቻ አልነበረም፤ በዚያ ዘመን ብዙ ማዘርቦርድ አብጧል። ካዊያ የለመደ ሬዲዮ ጠጋኝ ሊቀይራቸው ይችላል፤ ማይክሮፋራዱ እኩል፣ ቮልቱ እኩል ወይም ከፍ ያለ ይሁን፣ የመደመርና የመቀነስ እግራቸውም አይምታታ።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን የባትሪዋ ጉዳይ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ የሳንቲም ያህል የሆነች፣ 2032 የሚል ቁጥር የተጻፈባት ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች። ሰዓቱን የምታስኬደው፣ በብዙዎቹ አሮጌ ሳጥኖችም የባዮሱን ምርጫ የምትጠብቀው እሷ ናት። ኮምፒውተሩ ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ ቢጠፋም እንኳ ሸክሙን ፓወር ሰፕላዩ ይይዝላታል። እኛ ዘንድ ማታ ማታ ዲቫይደሩ ይነቀላል፣ መብራትም ይሄዳል፤ ስለዚህ ቶሎ ታልቃለች። ስታልቅ ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ይህ ምልክቷ ነው። ባዮሱም ወደ ፋብሪካው ምርጫ ሲመለስ ዲስኩ የሚነበብበት ስልት ሊቀየር ይችላል፦ ዊንዶው የተጫነው ዲስኩ ኤኤችሲአይ በተባለው ስልት ሲነበብ ከሆነና ባዮሱ አሁን አይዲኢ ካለው፣ ዊንዶው የገዛ ዲስኩን ማንበብ ያቅተውና በሰማያዊ ስክሪን ይወድቃል። ፋይሉ ሁሉ በቦታው አለ። ባትሪዋን ቀይሮ ባዮስ ውስጥ አንዲት መስመር መመለስ በቂ ሆኖ ሳለ ዲስኩ ይጸዳል!

ሰማያዊውን ስክሪን ለማንበብ በዊንዶው ኤክስፒና በዊንዶው 7 ዓርማው እንዳለፈ ኤፍ 8ን ደጋግሞ መጫን ነው። ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ሲበላሽ ራሱን እንዳያስነሣ የሚያዝዘው ከተመረጠ ስክሪኑ ቆሞ ይጠብቃል። የስሕተቱ ኮድ መጨረሻ 7ቢ ከሆነ ከላይ ያልኩትን የባዮስ መስመር ማየት ነው፤ ኢዲ ከሆነ ዲስኩ ወይም ኬብሉ ይመርመር። በሴፍ ሞድ ከተነሣ ደግሞ በቅርቡ የተጫነ ፕሮግራም ወይም ድራይቨር ይጠረጠራል።

ዲስኩ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ካሰማ ደጋግሞ ማስነሣት ይቁም፤ እያንዳንዱ ሙከራ ጉዳቱን ሊያባብሰው ይችላል። ከፍላሽ በሚነሣ ኡቡንቱ ገብቶ ሰነዱን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ይቀድማል። ዲስኩ ደህና ሆኖ ጥፋቱ የዊንዶው መሆኑ ከታወቀ ፎርማቱ ከግልበጣው በኋላ ይሁን። ሲገለበጥም የፎንት ፎልደሩ አብሮ ይያዝ፤ ብዙዎቹ የቆዩ ሰነዶች በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ ናቸውና ፎንቱ ከሌለ የካቻምናው የኪራይ ውል የሚከፈተው የላቲን ፊደልና የነጥብ ዝርክርክ ሆኖ ነው።