እሳት ያየ እንጨት፦ ሙቀት ምን ይሰጠዋል? ምንስ ይወስድበታል?



ከደጀን ተነስቶ በቢቸና በኩል ወደ ሞጣ የሚወስደውን መንገድ የምታውቁ፣ የአካባቢውን የባሕር ዛፍ ብዛት ታውቁታላችሁ። የቤቱ ቋሚ፣ ማገሩና ወራጁ ብዙ ጊዜ ከእሱ ነው። ጣጣውንም ታውቁታላችሁ፦ በክረምት አብጦ አልዘጋ ያለው በር በበጋ ይሰነጠቃል፤ አዲስ ጣውላ ይጣመማል፤ መሬት የገባው ቋሚ የምስጥ ሲሳይ ይሆናል።

አባቶቻችን መላውን ከእሳት ፈልገዋል። ዱላን አሙቀው ያቀናሉ፤ የቋሚውን ጫፍ ለብልበው ይተክላሉ። የዛሬ ፋብሪካም እንጨትን በሙቀት ያክማል። ሦስቱም በእሳት ይሠሩ እንጂ ሥራቸው ለየቅል ነው። ልዩነቱን ሳያውቅ ቤት የሚሠራ ሰው ለከንቱ ወጪ ይዳረጋል።

እንጨት ለምን ያብጣል?

በሳይንሱ ጠንካራ እንጨት የሚባለው እንደ ዋንዛ፣ ወይራና ባሕር ዛፍ ካሉ አበባ ከሚያወጡ ዛፎች የሚገኘው ነው፤ ጥድና ዝግባ ለስላሳ ከሚባለው ወገን ናቸው። ሁሉም በዋናነት የተሠሩት ከሦስት ነገሮች ነው። ሴሉሎስ እንደ ፌሮ ብረት ጥንካሬ ይሰጣል። ሊግኒን እንደ ሲሚንቶ ያያይዛል። በመካከላቸው ያለው ሄሚሴሉሎስ ደግሞ ሁለቱን ያስተሳስራል፤ ውሃ በጣም የሚወደውም እሱ ነው። አየሩ ሲረጥብ እንጨቱ እርጥበት ስቦ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። መኮማተሩ የሚጀምረው የእርጥበቱ መጠን ከ30 በመቶ ገደማ በታች ሲወርድ ነው።

ሙቀቱ ደረጃ በደረጃ ምን ይሠራል?

እርጥብ እንጨት ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ውስጡ ይለሰልሳል። ዱላ የሚቀናው በዚህ ነው፤ ሲቀዘቅዝ በተያዘበት ቅርጽ ይጠነክራል። የእንጨቱ ተፈጥሮ ግን ብዙም አልተለወጠም።

ከ160 ዲግሪ በላይ ነገሩ ሌላ ነው። መጀመሪያ የሚፈርሰው ሄሚሴሉሎስ ነው፤ ሲፈርስም የኮምጣጤ አሲድ ይወጣዋል። በዚህ ላይ የተመሠረተውን ዘዴ ፊንላንዶች በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ ፋብሪካ አስገብተውታል። እንጨቱ መጀመሪያ ይደርቃል፤ ከዚያም እንዳይቀጣጠል ኦክስጅን በሌለበት እንፋሎት ውስጥ ለሰዓታት ይቆያል። ለጠንካራ እንጨት የሚጠቀሙበት ሙቀት ከ185 እስከ 200 ዲግሪ ገደማ ነው።

ውጤቱ፦ እንጨቱ ከአየር የሚስበው እርጥበት በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ እብጠቱና መጣመሙም ይቀንሳል። የሚያበሰብሰው ፈንገስ የሚመገበው ስለሚያጣ በቀላሉ አይደፍረውም። መልኩም እስከ ውስጡ ወደ ቡናማ ይጠቁራል።

ዋጋውስ?

ማሰሪያው ሲፈርስ ጥንካሬም አብሮ ይሄዳል። እንጨቱ ተሰባሪ ይሆናል፤ ሳይሰበር የሚችለው ጭነት እንደ ሙቀቱና እንደ ቆይታው ከ10 እስከ 30 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ሚስማር ሲመታበት ስለሚሰነጠቅ አስቀድሞ በመሰርሰሪያ መብሳት ያስፈልጋል። ስለዚህ ለበር፣ ለመስኮት፣ ለኮርኒስና ለግድግዳ ልባስ ጥሩ ነው፤ ጣሪያ ለሚሸከም ወራጅ ወይም ለቋሚ ግን አይመከርም። ምስጥንም በአስተማማኝ አይከላከልም፤ መሬት ውስጥ መቅበር ስህተት ነው።

የተለበለበው ቋሚስ?

እሳቱ ከሰል ያደረገው ስስ የላይ ሽፋኑን ብቻ ነው። ምስጥ ከሰል አይበላም፤ ነገር ግን ሽፋኑ ሲሰነጠቅ በስንጥቁ ገብቶ እንደነበረ የቀረውን ውስጡን ያገኛል። ስለዚህ መለብለብ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። የተሻለው ቋሚውን ከአፈር ማራቅ ነው፤ በድንጋይ ወይም በኮንክሪት መሠረት ላይ ማቆምና የጣሪያውን ክፈፍ አስረዝሞ ዝናቡን መከላከል።

እኛ ምን እናድርግ?

እንዲህ ያለ ምድጃ በየአናጢው ቤት አይገኝም። ደግነቱ አብዛኛው ችግር የሚቀለው በትዕግሥት በማድረቅ ነው። ባሕር ዛፍ በቁሙ ሳለ ውስጡ ውጥረት አለው፤ ትኩሱን ፀሐይ ላይ ካሰጡት ወይም በኃይለኛ ሙቀት ካጣደፉት ይሰነጠቃል። ጣውላውን ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ በመካከሉ እኩል ውፍረት ያላቸው ቀጫጭን እንጨቶች እያስገቡ፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር መደርደር ይበጃል። ጫፎቹን ቀለም ወይም ሰም መቀባት፣ ከላይም ክብደት መጫን ይረዳል። መድረቁን ለማወቅ አንድ ቁራጭ በየሳምንቱ መዝኑ፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ከአየሩ ጋር ተስተካክሏል ማለት ነው።

እዚህ ላይ የአማና ጉዳይ አለ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ውስጥ እጃቸውን በእህል ክምር አስገብተው ውስጡን እርጥብ ሆኖ ባገኙት ጊዜ፣ ሻጩ እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ለምን እንዳላደረገው መጠየቃቸውን እናውቃለን። ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ የሆነ ጣውላም ያው ነው። የሚሸጥ እውነቱን ይናገር፤ የሚገዛም ይጠይቅ። ከእናንተ መካከል ለእረፍት ቤተሰቡ ዘንድ ሲሄድ ቤት እየተሠራ የሚያገኝ ቢኖር ቋሚው ከመተከሉ በፊት ይህችን ያካፍል፤ ከተተከለ በኋላ ምክር ብዙም አይረዳም።

ወሏሁ አዕለም።