ችፌን የሚያክም ሐኪም ወዴት ሄዶ ይማር?

ከጉለሌ ተነሥቶ በባሕር ዛፉ መካከል ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው፣ ወደ ኪዳነ ምሕረት ጠበል የሚሄዱትን ሕሙማን በመንገድ ላይ ሳያገኝ አይቀርም። ከእነዚህም መካከል የቆዳ ሕመም ያለባቸው አሉ። እኛም አንድ እሑድ ጠዋት ስንወጣ ልጅ ያዘለች እናት አግኝተን ጥቂት አብረን ተጓዝን። የልጁ የክርኑና የጉልበቱ እጥፋት ጠቁሮና ሻክሮ እንደ ዛፍ ቅርፊት ሆኗል። ሌሊቱን ሲያክ ስለሚያድር እጆቹን በጨርቅ ጠቅልላ እንደምታስተኛው ነገረችን። «አንዱ ጭርት ነው አለኝ፤ አንዱ እከክ ነው አለኝ፤ ጎረቤት ደግሞ ክፉ ስም አወጣለት» አለች። ክፉ ስም ያለችው ቁምጥናን መሆኑን ለመረዳት መጠየቅ አላስፈለገንም።

እኛ ሐኪሞች ስላልሆንን የልጁን ሕመም በስሙ ለመጥራት አንደፍርም። ነገር ግን ምልክቱ፣ በአማርኛ ችፌ፣ በሐኪሞች ዘንድ ኤክዜማ ከሚባለው ጋር ይመሳሰላል። ቋንቋችን ለቆዳ ሕመም የስም ድሃ አይደለም፤ ጭርት፣ እከክ፣ ቋቁቻ፣ ለምጽ እያለ ይለያል። ችግሩ ስሙን ከሕመሙ ጋር ማገናኘቱ ላይ ነው። ጭርት ከፈንገስ ይመጣል፤ እከክ ዓይን በማያያት ትንሽ ተባይ ምክንያት ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። ችፌ ግን አይተላለፍም፤ ቆዳው እርጥበቱን መያዝ ሲያቅተውና የሰውነት መከላከያ ያለ ልክ ሲቆጣ የሚመጣ ነው። ስለዚህ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሆንም። ችፌን የሚያበርደው የስቴሮይድ ቅባት ጭርት ላይ ሲቀባ ማሳከኩን ለጊዜው ያስታግሥና ፈንገሱን ያስፋፋዋል። ይህንንም ቅባት መልክ ያቀላል ብለው ፊታቸውን የሚቀቡበት መኖራቸው ሌላ ጉዳት ነው።

እንግዲህ ይህን ለይቶ የሚያውቅ ሐኪም እንዴት ይገኛል? ከመንገዶቹ አንዱ፣ ወጣቱ ሐኪም ለጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት በውጭ አገር ከአንድ አንጋፋ የቆዳ ሐኪም ሥር ሆኖ በሽተኛ ሲታይ አብሮ የሚያይበት፣ ወጪውን የሐኪሞች ማኅበር ወይም ዩኒቨርሲቲ የሚችልበት የልምምድ ዕድል ነው። ይህ ከመጽሐፍ ትምህርት ይለያል፤ ተማሪው የሚቀስመው የመምህሩን ዓይንና እጅ ነው። ነገሩ ለአገራችን ባዕድ አይደለም። የቆሎ ተማሪ ድጓ ሲሻ ቤተልሔም፣ ዝማሬ ሲሻ ዙር አባ፣ ቅኔ ሲሻ ዋሸራ ይሄድ የነበረው፣ ትምህርቱ ሕያው ሆኖ የሚገኘው እዚያ ስለሆነ ነው። ጥያቄያችንም ይኸው ነው፤ የኢትዮጵያዊ ልጅ ችፌ ትምህርት ሕያው ሆኖ የሚገኘው የት ነው?

ችፌ የፈረንጅ በሽታ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመው፣ በብዙ አገሮች የተካሄደው የአስምና የአለርጂ ጥናት እንዳሳየው፣ ዕድሜያቸው 13 እና 14 ዓመት በሆነ ልጆች ዘንድ የችፌ ምልክት በአልባንያ ከመቶ 1 በታች ሲሆን በናይጄርያ ከመቶ 17 በላይ ነበር። ዳሩ ግን በውጭ አገር የታተሙት የሕክምና መጻሕፍት ለረዥም ጊዜ ሥዕላቸውን የወሰዱት ከነጭ ቆዳ ነው። በእነርሱ ዘንድ ችፌ ቀይ ነው። በጥቁር ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ አይታይም፤ አመድማ፣ ወይን ጠጅ ወይም ጠቆር ያለ ቡናማ ይመስላል፤ ቆዳው ይወፍራል፤ በጠጕሩ ሥር ጥቃቅን እብጠት ይወጣል። ቀይ ነገር ብቻ ሲፈልግ የተማረ ዓይን እንጦጦ ላይ ያየነውን ዓይነት ልጅ አይቶ «ሕመሙ ቀላል ነው» ሊል ይችላል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። የጅማ ዩኒቨርሲቲና የእንግሊዝ አገር የኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ተባብረው፣ በእንግሊዝ አገር የተዘጋጀውን የችፌ መለያ ጥያቄ በጅማ ሕፃናት ላይ ፈትነው ውጤቱን በ2005 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። መለያው በተወለደበት አገር የሠራውን ያህል በጅማ አልሠራም። በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከስዊድን ሐኪሞች ጋር የወጣ ሌላ ጥናት ፊላግሪን የተባለውን፣ የቆዳን አጥር የሚያጠብቅ ፕሮቲን የሚሠራውን ዘር መረመረ። በአውሮፓውያን ሕሙማን ዘንድ የታወቁት የዚህ ዘር ጉድለቶች በተመረመሩት ኢትዮጵያውያን ላይ አልተገኙም፤ ቀድሞ ያልታወቀ አንድ ጉድለት ግን ተገኘ። በእነዚህ ሥራዎች የውጭው መምህር የእኛን ሐኪም ብቻ አላስተማረም፤ ራሱም ተምሯል። ለእኛ ከሁሉ ይልቅ ደስ ያሰኘን ይህ ነው።

የመድኃኒቱ ነገርም አለ። ዱፒሉማብ የተባለው መርፌ በአሜሪካ በ2017 እ.ኤ.አ. ለችፌ ሲፈቀድ ብዙ ሕሙማንን ከሥቃይ አሳርፏል፤ ዋጋው ግን እንጨት ተሸክማ ከእንጦጦ ለምትወርድ ሴት የሚነገር አይደለም። ወጣቱ ሐኪም የውጭ ቆይታውን በዚህ መርፌ አሰጣጥ ላይ ቢፈጽመው ሲመለስ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ነገር ግን ከዚያው ክፍል ዋጋ የሌላቸው የሚመስሉ ብልሃቶችም ይገኛሉ። ከታጠቡ በኋላ ቆዳው ሳይደርቅ ቫዝሊን መቀባት፤ ሕመሙ ሲብስ በቅባቱ ላይ እርጥብ፣ በእርሱም ላይ ደረቅ ጨርቅ መጠቅለል፤ ቅባቱን በጣት መለካት። ከአዋቂ ሰው አመልካች ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የሚወጣው ቅባት ግማሽ ግራም ያህል ሲሆን ሁለት መዳፍ የሚያህል ቆዳ ይበቃል። ይህን ለእናት ማስረዳት አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ብርዱና ደረቁ አየር ቆዳን በሚያደርቅበት እንጦጦ ላይ ጥቅሙ ትልቅ ነው። ጠበል የሚጠመቀውንም በሽተኛ መገሠጽ አያስፈልግም፤ ከተጠመቀ በኋላ ወዲያው እንዲቀባ መንገር ይበቃል። እንዲህ ያለውን አነጋገር የሚያስተምር የውጭ አገር ክፍል መኖሩን ግን እንጠራጠራለን።

መምህሩና በሽተኛው በአንድ ስፍራ የሚገናኙበት ምሳሌ በከተማችን አለ። በ1965 እ.ኤ.አ. በዘነበወርቅ የተቋቋመው አለርት፣ ስሙ እንደሚያመለክተው፣ ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛ እንዲሆን የታሰበ ነበር፤ ከሌሎች አገሮች ሐኪሞች ለመማር ወደ አዲስ አበባ መጡ። ዛሬ ልዩ ልዩ የቆዳ ሕመም ይታይበታል፤ የቆዳ ሐኪሞችም ይሠለጥኑበታል። በታንዛንያም በሞሺ ከተማ፣ በኪሊማንጃሮው ሆስፒታል፣ ዓለም አቀፉ የቆዳ ሕክምና ፋውንዴሽን በ1992 እ.ኤ.አ. የከፈተው ማሠልጠኛ ለሐኪሞች ብቻ ሳይሆን ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ለሚመጡ የጤና መኮንኖች ጭምር የሁለት ዓመት የቆዳ ትምህርት ሰጥቷል። ይህ ብልህነት ነው፤ በገጠር ችፌን መጀመሪያ የሚያየው ስፔሻሊስት አይደለምና።

ስለዚህ ለአንድ ወጣት ሐኪም የውጭ ልምምድ ሲፈቀድ፣ የጊዜው እኩሌታ መምህሩ ወደዚህ መጥቶ ከተማሪው ጋር በሽተኛ የሚያይበት ቢሆን የተሻለ ይመስለናል። አሁን ፎቶግራፍ በስልክ ልኮ ምክር መጠየቅ ተለምዷል፤ መልካም ነው፤ ሆኖም ስልክ የቆዳውን ሻካራነት አይዳስስም።

ጠበሉ ዘንድ ደርሰን ከእናቲቱ ስንለያይ ስለ አለርት ነገርናት። «ምነው ራቀ፣ ወንድሞቼ» አለች። እውነትም ሩቅ ነው፤ ልጁን አዝላ ከተማውን ከሰሜን ጫፍ እስከ ደቡብ ምዕራብ ማቋረጥ ይኖርባታል።