አንድ ኮንቴይነር ቡና ባሕር እስኪሻገር



በጅማ ወይም በጉጂ ግማሽ ሄክታር ቡና ያለው ገበሬ ምርቱን በቀጥታ ወደ ጀርመን ወይም ወደ ጃፓን ሊሸጥ ይችላልን? ብቻውን አይችልም። ምክንያቱ ግን፣ ብዙዎች እንደሚያስቡት፣ የቡናው ጥራት ማነስ አይደለም። የውጭ አገር ገዢ የሚያዝዘው በኮንቴይነር ነው። አንዱ ኮንቴይነር ስድሳ ስድሳ ኪሎ የሚመዝኑ 320 ጆንያዎች፣ ማለትም 192 ኩንታል ይይዛል። አንድ ኪሎ የታጠበ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ያህል ቀይ እሸት ስለሚያስፈልግ፣ ይህን ለመሙላት ከ1,100 ኩንታል በላይ እሸት መለቀም አለበት።

ስለዚህ ገበሬዎቹ በኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ማኅበራቱም በዩኒየን ይደራጃሉ። በ1991 ዓ.ም. የተቋቋመው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የተነሣው በ34 ማኅበራት ነበር። ዩኒየን ቡናውን ያስቀምሳል፣ ናሙና ይልካል፣ ይዋዋላል፣ ጭነቱን ጅቡቲ ወደብ ያደርሳል።

ከሁሉ የሚከብደው ገንዘቡ ነው። እሸት በተለቀመበት ዕለት መፈልፈል አለበት፤ ካደረ ይበላሻል። ገበሬውም ለልጁ ደብተር፣ ለቤቱ ጨው የሚገዛበትን የሚፈልገው ዛሬውኑ ነው። ማኅበሩ በእጁ ጥሬ ገንዘብ ከሌለው ገበሬው እሸቱን ተሸክሞ ወደ መንደሩ ሰብሳቢ ይሄዳል፤ ማን ይፈርድበታል? ቡናው ግን ታጥቦ፣ በአልጋ ላይ ደርቆ፣ ተለቅሞና ተበጥሮ፣ ተጭኖ ሂሳቡ እስኪከፈል ድረስ ወራት ያልፋሉ። እነዚህን ወራት ለመሻገር ብድር ያስፈልጋል፤ ባንክም መያዣ ይጠይቃል። የፌር ትሬድ ደንብ፣ አምራቹ ከጠየቀ፣ ገዢው ከውሉ ዋጋ እስከ 60 በመቶ አስቀድሞ እንዲያቀርብ የሚያዝዘው ስለዚህ ነው። በእኛ አስተያየት ይህ አንቀጽ ስለ ዋጋ ከሚናገሩት ሁሉ ይልቅ ይጠቅማል።

ዋጋውም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም። በ1994 ዓ.ም. መጀመሪያ የዓለም ገበያ ዋጋ በፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ሲወርድ የፌር ትሬድ ዝቅተኛ ዋጋ ከዚያ ከእጥፍ በላይ ነበር። ይሁን እንጂ ይህን ዋጋ የሚያገኘው በዚያ ውል የተሸጠው ቡና ብቻ ነው፤ የተረፈው እንደ ማንኛውም ቡና ይሸጣል።

ለመርዳት ብቻ ብሎ የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ አንዴ ገዝቶ ያቆማል። ማኅበርን የሚያቆመው በየዓመቱ የሚያዝዝ ገዢ ነው፤ እርሱም የሚመለሰው የደረሰው ጭነት ከቀመሰው ናሙና ጋር ሲስማማ ነው። በማድረቂያው አልጋ ዳር ቆመው የተበላሸውን ፍሬ አንድ በአንድ የሚለቅሙት ሴቶች ገበያውን ከማንም በላይ ይጠብቃሉ ብንል አላጋነንንም።

አሁን ደግሞ አዲስ ጥያቄ መጥቷል። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. ያወጣው የደን ሕግ ቡናው የበቀለበት ማሳ የት እንደሆነ በትክክል እንዲገለጽ፣ ከ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ ደን ተመንጥሮ ያልተተከለ መሆኑም እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። የመጀመሪያው ቀጠሮ ቢራዘምም፣ ለማኅበራቱ ይህ ማለት እጅግ ብዙ ትንንሽ ማሳዎችን በእግር እየዞሩ መለካት ነው። ወጪውን ገዢው ይሸከም ወይስ ማኅበሩ፣ በየውሉ መነጋገር ያስፈልጋል።