ቅኔ፣ የፈጠራ ሥራና የአእምሮ ጤና በእርጅና ዘመን

በምሥራቅ ጎጃም ዞን እነማይ ወረዳ የሚገኘው ዲማ ጊዮርጊስ በቅኔ ትምህርት ስማቸው ከሚጠራ ጥንታዊ አድባራት አንዱ ነው። በቅኔ ጉባኤ ቤት ሥርዓት ተማሪው ለብቻው ገለል ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያም ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም ያቃናለታል። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት ያለው መወድስ እስኪደርስ ድረስ የሚጠበቅበት ትናንት ያልተባለ አዲስ ቅኔ ማምጣት ነው። የሌላውን በቃል ይዞ መድገም እንደ ቅኔ አይቆጠርለትም።

ይህ የዕለት ተዕለት የፈጠራ ልምምድ በአሁኑ ወቅት የዘርፉን ተመራማሪዎች ከያዘ ጥያቄ ጋር ይገናኛል። በኪነ ጥበብ ፈጠራ የሠራ አእምሮ በእርጅና ከሚመጣው የመርሳት በሽታ ወይም ዲሜንሺያ የተሻለ ጥበቃ ያገኛልን?

በአገራችን አንድ አዛውንት የልጃቸው ስም ሲጠፋባቸው ወይም የቤታቸውን መንገድ ሲስቱ «ጃጁ» ተብሎ ይታለፋል። ይሁን እንጂ ዲሜንሺያ የአንጎል ሕዋሳት በመጎዳታቸው የሚከሰት ሕመም እንጂ የዕድሜ መግፋት የግድ የሚያስከትለው ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያመለክተው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም 57 ሚሊዮን ሰዎች ከበሽታው ጋር ይኖሩ የነበረ ሲሆን፣ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚገኙት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው።

ተመራማሪዎች ሁለት ሰዎች በአንጎላቸው ላይ ተመሳሳይ ጉዳት ደርሶ አንዱ ሲረሳ ሌላው ደኅና ሆኖ መኖሩን ተመልክተዋል። ልዩነቱን የሚያስረዱት «የአእምሮ ተጠባባቂ አቅም» በሚል ሐሳብ ነው። በትምህርትና በፈጠራ ብዙ የሠራ አንጎል አንዱ መስመር ቢዘጋበት በሌላ መስመር ሥራውን ለመቀጠል የተሻለ ዕድል ይኖረዋል።

ከጥናቶቹ ሁሉ ለቅኔ ቤት የሚቀርበው በአሜሪካ በካቶሊክ ሴት መነኮሳት ላይ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ1996 ይፋ የሆነው ነው። አጥኚዎቹ 93 መነኮሳት በአማካይ በ22 ዓመታቸው የጻፉትን የሕይወት ታሪክ አውጥተው፣ በጥቂት ቃላት ምን ያህል ሐሳብ እንደታመቀ መዘኑ። ጽሑፋቸው በሐሳብ የሳሳው መነኮሳት ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ በአእምሮ ምርመራ ዝቅተኛ ውጤት አስመዘገቡ። ካረፉት 14ቱ መካከልም የአልዛይመር በሽታ በአንጎል ምርመራ የተረጋገጠባቸው ጽሑፋቸው በሐሳብ የሳሳው ብቻ ነበሩ። ብዙ ሐሳብን በጥቂት ቃል ማመቅ፣ ያውም ሰምና ወርቅ አድርጎ፣ የቅኔ ተማሪ ዋነኛ ሥራ መሆኑ ይታወቃል።

በአሜሪካ የማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት ዕድሜያቸው 85ና ከዚያ በላይ የሆኑ 256 ሰዎችን ተከታትለዋል። በጎልማሳነትም በእርጅናም ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽን በመሳሰሉ ሥራዎች የተሳተፉት ለቀላል የአእምሮ መዳከም የመጋለጥ ዕድላቸው በ73 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

እነዚህ ውጤቶች ግን በጥንቃቄ ሊታዩ ይገባል። ጥናቶቹ ዝምድናን እንጂ ምክንያትን አያረጋግጡም፤ ከመጀመሪያውም ብርቱ አእምሮ የነበረው ሰው ወደ ፈጠራ አዘንብሎ ሊሆን ይችላል። የደም ግፊትን፣ የስኳር በሽታንና የመስማት ችግርን መቆጣጠርም ሊዘነጋ አይገባም። ቅኔ የቆጠረ ሁሉ አይረሳም ማለትም አይቻልም።

የፈጠራ ሥራ ከመንግሥት ሥራ ጋር አይሄድም የሚል ሠራተኛ ካለ ግን በዲማ የተማሩትን ሐዲስ ዓለማየሁን ማስታወስ ይበቃል። በ1902 ዓ.ም ተወልደው በሚኒስትርነትና በአምባሳደርነት አገራቸውን ያገለገሉት ሐዲስ፣ ታሪኩ በከፊል በዲማ የሚከናወነውን «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም ለአንባቢ ሲያቀርቡ የ56 ዓመት ጎልማሳ ነበሩ። «የልም እዣት» በ1980 ዓ.ም ሲወጣ 78ኛ ዓመታቸውን ይዘው ነበር። «ትዝታ» የተሰኘውን ማስታወሻቸውን ያሳተሙትም ከዚያ በኋላ ሲሆን፣ በ1996 ዓ.ም በ94 ዓመታቸው አርፈዋል።