የቤታችንን አዛውንት ጤና በየቀኑ መከታተል፦ ከካምፓስ ሆነን ምን እንጠይቅ?



አብዛኞቻችን ወደ ሶዶ የመጣነው አያት ወይም ዕድሜያቸው የገፋ እናትና አባት ቤት ትተን ነው። ከሀላባ፣ ከስልጤ፣ ከጅማ፣ ከወሎ የመጣን አለን፤ ከቦዲቲ፣ ከአረካና ከገሱባ ሆነው ቅዳሜና እሁድ ቤታቸው የሚመላለሱም አሉ። ስልክ ስንደውል የምንጠይቀው አንድ ነው፦ «ጤናዎ እንዴት ነው?» መልሱም አንድ ነው፦ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።» ይህ መልስ ምስጋና ነው። አዛውንቶቻችን ታመውም ያመሰግናሉ፤ ልጃቸው ፈተና ላይ እያለ ማስጨነቅም አይፈልጉም። ስለዚህ ከመልሱ ስለ ጤናቸው የምናውቀው ጥቂት ነው። የወላጅ ሐቅ በጀለሳዎቻችን ደጋግመን የሰማነው ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አንደግመውም። የምንጽፈው ስለ አንድ ተግባራዊ ክፍሉ ነው፦ ጤናቸውን በየቀኑ እንዴት እንከታተል? ምን ዓይነት ለውጥ ሲታይስ «ነገ» ሳይባል ወደ ጤና ጣቢያ ይኬድ?

ከሁሉ በፊት የራሳቸውን ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል። በሽታ በአዛውንት ላይ ሲጀምር ብዙ ጊዜ ክፍል ውስጥ በተማርነው መልክ አይመጣም። የሳንባ ምች ያለ ብርቱ ትኩሳት፣ የልብ ሕመምም ያለ ደረት ውጋት ሊጀምር ይችላል። ቀድሞ የሚታየው የዕለት ኑሯቸው መቀየር ነው። ከሱብሒ በኋላ ግቢ ጠርገው ጎረቤት ቡና የሚጠጡ እናት ሁለት ቀን ከመኝታ ካልተነሱ፣ ወይም ከመስጊድ የማይቀሩ አባት በድንገት ቤት መስገድ ከጀመሩ፣ «አርጅተው ነው» ከማለታችን በፊት ምን እንደተለወጠ እንጠይቅ። እርጅና በዓመታት ነው የሚመጣው፤ በሁለት ቀን የመጣ ድካም ሌላ ምክንያት አለው።

እንግዲህ ከሰላምታው ቀጥሎ ጥያቄያችንን እንቀይር። ጠዋት ምን በሉ? ጨረሱት ወይስ ተረፈ? ማታ ለሽንት ስንት ጊዜ ተነሱ? ዙህርን ቆመው ነው ወይስ ቁጭ ብለው የሰገዱት? ስንት ትራስ ደርበው ተኙ? የመጨረሻው ጥያቄ ቀልድ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በአንድ ትራስ ይተኛ የነበረ ሰው ሦስት ካልደረበ ትንፋሽ ካጠረው፣ ልቡ ወይም ሳንባው ሊመረመር ይገባል። እንዲህ ላሉ ጥያቄዎች «አልሐምዱሊላህ» ብቻውን መልስ አይሆንም፤ ተናጋሪው የግድ አንድ ነገር ይነግረናል።

ቀጥሎ አንድ ደብተር ይገዛ። ስልክ ላይ ከሚጫን መተግበሪያ ይልቅ ደብተር የምንመርጠው ቤት የሚቀረው ሰው ሁሉ ሊያየው ስለሚችል ነው። ሰባተኛ ወይም ስምንተኛ ክፍል የደረሰ ታናሽ ወንድም ወይም እህት በየቀኑ አንድ መስመር ይጻፍ፦ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ መድኃኒት ተወሰደ አልተወሰደ፣ የደም ግፊት የሚለካ ከሆነም ቁጥሩ። መለኪያው የሚያሳየው ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ፣ አንዱ «1 ሰዓት» ሲል ሌላው «7 ሰዓት» እንዳይጽፍ ከመጀመሪያው ተስማሙ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብተሩ የሰውየውን «ወትሮ» ያሳያል፤ ከዚያ ወዲያ የምንጠብቀው ከወትሮው የወጣውን ነው።

የደም ግፊትን በተመለከተ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል፤ በተሳሳተ መንገድ የተለካ ግፊት ካልተለካው የባሰ ሊያሳስት ይችላል። ከእጅ አንጓ ይልቅ ክንድ ላይ የሚታሰረው መለኪያ ይመረጣል። ከመለካቱ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጣም። እዚህ ወላይታ በጨውና በቃሪያ የሚፈላው የቡና ቅጠልም እንደ ቡናው ይቆጠር። ሽንት ይሸና፤ ከዚያ ጀርባ ተደግፎ፣ ሁለቱም እግሮች መሬት ነክተው፣ አምስት ደቂቃ ያለ ወሬ መቀመጥ ነው። የሚታሰረው ጨርቅ በልብስ ላይ ሳይሆን በባዶ ክንድ ላይ ይሁን፤ ክንዱም ጠረጴዛ ላይ አርፎ ከልብ ትክክል ይሁን። በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ይለካና ሁለቱም ይጻፍ። ቤት ውስጥ የተለካው በአማካይ ከ135/85 በላይ እየሆነ ከቀጠለ ለሐኪም የሚነገር ነው። አንድ ቀን ከፍ ያለ ቁጥር ስለታየ ግን ቤተሰቡ አይሸበር፤ አንድ ቀን ጥሩ ስለሆነ ደግሞ ኪኒኑ አይቁም። የላይኛው ቁጥር 180 ወይም የታችኛው 120 ከደረሰ አምስት ደቂቃ አርፎ እንደገና ይለካል። ካልወረደ በዚያው ቀን ሐኪም ሊያያቸው ይገባል፤ ከደረት ሕመም፣ ከትንፋሽ ማጠር፣ ከእይታ መደብዘዝ ወይም ከአካል መዛል ጋር ከመጣ ደግሞ ወዲያው ሆስፒታል ነው።

ብዙ ሰው የሚዘለው ቆሞ መለካትን ነው። ተቀምጠው ከተለኩ በኋላ ተነስተው በሦስት ደቂቃ ውስጥ ሲለኩ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ፣ ከሱጁድ ሲነሱ ወይም ሌሊት ለተሀጁድ ሲቆሙ ዓይናቸው የሚጨልመው በዚህ ሊሆን ይችላል። በዚህ ዕድሜ አንድ መውደቅ ዳሌ ይሰብራል፤ ከዳሌ ስብራት በኋላ እንደ ቀድሞው የማይራመዱ ብዙ ናቸው። መፍትሔው መድኃኒቱን በራስ ማቋረጥ አይደለም። መጠኑን ሐኪም ያስተካክለው፤ እስከዚያው አልጋው ጠርዝ ላይ ትንሽ ተቀምጠው ይነሱ፣ ሶላትንም ወንበር ላይ ይስገዱ። ወንበር ላይ መስገድ የሚያሳፍራቸው አዛውንቶች አሉ፤ የሰፈሩ ኢማም አንድ ቃል ቢነግራቸው ከእኛ ልመና ሁሉ ይበልጣል።

ወደ እግር እንሂድ። ለውዱእ እግር በሚታጠብበት ጊዜ አንድ ሰው በደንብ ቢያይላቸው በየቀኑ ምርመራ ተደረገ ማለት ነው። ስኳር ያለባቸው ሰዎች እግራቸው ሊደነዝዝ ስለሚችል ቁስሉን ላይሰሙት ይችላሉ፤ ለውዱእ የሚሞቀው ውኃም ሳይታወቃቸው ያቃጥላቸዋል። ውኃውን ሌላ ሰው በክርኑ ይለካላቸው። ከታጠቡ በኋላ በጣቶች መካከል ያለው እርጥበት ይደረቅ፤ ተረከዝ ላይ ስንጥቅ፣ የጠቆረ ቦታ ወይም አዲስ ሽታ ካለ ይጻፍ።

የእግር እብጠት በወላይታ የተለየ ታሪክ አለው። ቀዩ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው የእግር ዝሆኔ በዞኑ የታወቀ ችግር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በወላይታ ከ100 ሰዎች ከ5 በላይ እንደሚያጠቃ አሳይቷል። ይህ እብጠት ከእግር ጣትና መዳፍ ይነሳል፣ በዓመታት ወደ ላይ ይወጣል፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም፤ እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቅባትና ጫማ ይረዱታል። እብጠትን ሁሉ ለዝሆኔ የመስጠት ልማድ ግን አደጋ አለው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሁለቱም እግሮች አብጠው፣ በጣት ሲጫኑ ጎድጉደው ከቀሩ፣ የልብ ወይም የኩላሊት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። የልብ ድካም ያለባቸው ሰው በሦስት ቀን ውስጥ ክብደታቸው በ2 ኪሎ ከጨመረ ያ ስብ ሳይሆን ውኃ ነው። አንድ እግር ብቻ በድንገት አብጦ ካመመ ደግሞ የደም መርጋት ይጠረጠራል፤ ያኔ ማሸት አይገባም።

በጣም ደጋግመን ልንናገረው የምንፈልገው ግን ድንገተኛ መደነጋገርን ነው። ትናንት የልጅ ልጆቻቸውን ስም የሚጠሩ አያት ዛሬ ቀንና ሌሊት ካልለየላቸው፣ የሌለ ሰው ካነጋገሩ፣ ወይም ያለወትሯቸው ዝም ብለው ካንቀላፉ፣ ቤተሰብ «ጃጁ» ይላል። መጃጀት በወራትና በዓመታት ነው የሚመጣው። በሰዓታት ወይም በቀናት የመጣ መደነጋገር ኢንፌክሽን፣ የስኳር መውረድ፣ የውኃ እጥረት ወይም የመድኃኒት ችግር ሊሆን ይችላል፤ አብዛኛው ደግሞ በጊዜ ከተደረሰበት የሚታከም ነው። ሁምቦን በመሰሉ የቆላ ቀበሌዎች ወባም አይረሳ። ትኩሳት በዚህ ዕድሜ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል፤ 37.8 ዲግሪ ወይም ከወትሯቸው በአንድ ዲግሪ ገደማ የጨመረ ሙቀት ቸል አይባልም። ፊት ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ ወይም አንደበት ከተሳሰረ ደግሞ «ምች ነው» ተብሎ ቅጠል ሲታሽ የሚያልፈው እያንዳንዱ ሰዓት አንጎላቸውን ይጎዳል።

መድኃኒቶቻቸው ሁሉ፣ ከጎረቤት የተዋሱት ኪኒንም ሆነ የሚጠጡት ባህላዊ መድኃኒት፣ በአንድ ፌስታል ይቀመጡ። ሐኪሙ ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ግማሹን ይህ ፌስታል ይመልሳል።

ረመዳን ሲቃረብ ስኳር ያለባቸው አዛውንቶች ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቀደም ብለው ሐኪማቸውን ያማክሩ። ኢንሱሊንና እንደ ግሊቤንክላማይድ ያሉ ኪኒኖች በጾም ሰዓት ስኳርን አደገኛ በሆነ መጠን ሊያወርዱ ስለሚችሉ መጠኑና ሰዓቱ ይቀየራል። ጣት ወግቶ ስኳር መለካት በአብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ ጾም አያፈርስም፤ ይህን ባለማወቅ ቀኑን ሙሉ ሳይለኩ የሚውሉ አሉ። ከ70 ሚሊ ግራም በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ጾሙ ይፈታል፤ መግሪብ አሥር ደቂቃ ቢቀረውም እንኳ። በእርጅናና በማይድን ሕመም መጾም ላልቻለ ሰው ፊድያ እንዳለው እናውቃለን፤ ዝርዝሩን ከኢማሞቻችን ጋር ተነጋገሩ። አዛውንቶቻችን እዚህ ላይ ብርቱ ናቸው፤ ውይይቱ በሻዕባን ቢጀመር እንጂ በረመዳን ሦስተኛ ቀን ቢጀመር አይሰሙንም።

የት ይኬድ? በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ምክንያት በገጠር ቀበሌዎች ጤና ኬላ አለ፤ መለኪያ የሌለው ቤተሰብ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ይጠይቅ። ከዚያ ጤና ጣቢያ፣ ቀጥሎ ሆስፒታል ነው፤ ሶዶ ላይ ብዙዎች አሁንም «ኦቶና» የሚሉት የዩኒቨርሲቲያችን ሆስፒታል አለ። ቤተሰቡ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆነ ሆስፒታል ሲኬድ ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት መያዝ ያስፈልጋል፤ መታወቂያውም በየዓመቱ ይታደሳል። የሚታደስበትን ወር አሁኑኑ ቤት ደውላችሁ ጠይቁና ስልካችሁ ላይ መዝግቡት። ለድንገተኛ ሕመም የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። የአካባቢውን የጤና ጣቢያ ቁጥርም ጨምራችሁ በደብተሩ ሽፋን ላይ በትልቁ ጻፉት፤ ወደ ሐኪም ሲኬድ ደብተሩና የመድኃኒቱ ፌስታል አብረው ይሂዱ።