አልዛይመርን በአንገት ቀዶ ሕክምና ማከም ይቻላል? ቻይና ለምን አገደችው?

በካርቱም አንድ አዛውንት የቤታቸው መንገድ ሲጠፋቸው፣ የልጃቸውን ስም ሲዘነጉ፣ ቤተሰብ "ኸረፍ" ይለዋል። በአማርኛ "ጃጁ" እንላለን። ሁለቱም ቃላት ሕመሙን የዕድሜ ጣጣ አድርገው ያልፉታል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን አልዛይመር በቀዶ ሕክምና፣ ያውም በሮቦት እገዛ፣ ሊታከም ይችላል የሚል ተስፋ ይሰማል።

መነሻው የአንጎል የጽዳት ሥርዓት ነው። እአአ በ2012 በማይከን ኔደርጋርድ የተመራ ቡድን በአይጦች ላይ ባደረገው ጥናት፣ በአንጎል የደም ሥሮች ዙሪያ የሚዘዋወር ፈሳሽ ቆሻሻን ጠርጎ እንደሚያወጣ አመለከተ። በ2015 ደግሞ በአንጎል ሽፋን ውስጥ የሊምፍ ቧንቧዎች እንዳሉ ታወቀ። ፍሳሹ የሚወርደው ወደ አንገት የሊምፍ ዕጢዎች ነው፤ ሲያብጡ ንፍፊት የምንላቸው ማለት ነው።

በአልዛይመር ሕሙማን አንጎል ውስጥ አሚሎይድ የተባለ ፕሮቲን ይከማቻል። የቀዶ ሐኪሞቹ ስሌትም ከዚህ ይነሳል፦ አንገት ላይ ያለውን የሊምፍ ቧንቧ በአቅራቢያው ካለ ደም መልስ ጋር በመስፋት ለፍሳሹ ሰፊ መውጫ መክፈት። ስፌቱ ራሱ አዲስ አይደለም፤ ከካንሰር ሕክምና በኋላ ለሚያብጥ ክንድ ሲያገለግል ቆይቷል። ነገር ግን ቧንቧዎቹ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር ይቀጥናሉ። ሮቦቱ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፦ የሐኪሙን የእጅ እንቅስቃሴ አሳንሶ ያስተላልፋል፤ መንቀጥቀጡንም ያጣራል።

በቻይና ሕክምናው በመቶዎች በሚቆጠሩ ሆስፒታሎች በፍጥነት ተስፋፋ። ተሻላቸው የተባሉ ሕሙማን ታሪክም ከአፍ አፍ ዞረ። ሆኖም ሕመምተኞቹ ቀዶ ሕክምናው ካልተደረገላቸው ጋር በእጣ ተመድበው ካልተነጻጸሩ፣ ለውጡ የስፌቱ ይሁን የቤተሰብ ተስፋ የፈጠረው መለየት አይቻልም። በሐምሌ 2025 የአገሪቱ ብሔራዊ የጤና ኮሚሽን ደኅንነቱና ውጤታማነቱ በቂ ማስረጃ እንደሌለው ገልጾ ለአልዛይመር እንዳይሰጥ ከለከለ። በአሜሪካ በአንጻሩ ሲማኒ የተሰኘው ሮቦት ለዚሁ ሕመም በጥናት እንዲሞከር ተፈቅዷል። ሙከራ እንጂ ሕክምና አይደለም፤ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ካርቱም ላይ ጥያቄው ከሮቦት የራቀ ነው። እአአ በሚያዝያ 2023 የፈነዳው ጦርነት አብዛኞቹን የከተማዋን ሆስፒታሎች ከአገልግሎት ውጪ አድርጓል። ላንሴት ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ 14 አጋላጭ ምክንያቶችን መቆጣጠር ቢቻል 45 በመቶ ገደማ የሚሆነውን የመርሳት በሽታ መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል አስልቷል። ከእነዚህም መካከል ያልታከመ የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታና የመስማት ችግር ይገኙበታል። የግፊት ኪኒን ከመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ ሲጠፋ፣ የሚጎዳው ልብ ብቻ አይደለም።